ክስ ካነሱ በኋላ የመጣ ወጪና ኪሳራ፦ ይግባኝ ያዋጣል ወይ?

እህቴ፣ «ክሴን በራሴ ፈቃድ አንስቼ ነበር፤ አሁን ፍርድ ቤቱ ለተከሳሽ በክርክሩ ያወጣውን 38 ሺህ ብር ወጪና ኪሳራ ክፈይ ብሎኛል፤ ይግባኝ ብል ያዋጣኛል?» ያልሽውን አየሁት። ከስር «ክፈዪና ተገላገዪ» የሚሉሽንም አነበብኩ። አትስሚያቸው። እኔ በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ። 42,050 ብር ተፈርዶብኝ ወደ 15,000 አውርጄዋለሁ። ያለ ጠበቃ።

የሕግ ሰው አይደለሁም። የራሴን መዝገብ ግን በቃሌ ነው የማውቀው።

1. ቀን ቁጠሪ። ለይግባኝ ያለሽ 60 ቀን ነው። የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው፤ የውሳኔው ግልባጭ እጅሽ ከገባበት አይደለም። «ጠበቃዬ ረስቶብኝ ነው» ብለሽ ብትሄጂ ሰሚ የለም። ሕጉ ራሱ የጠበቃን ጥፋት፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይግባኝ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበለውም።

2. ግልባጩን ዛሬ በጽሑፍ ጠይቂ፤ የማመልከቻሽን ቅጂ ማኅተምና ቀን አስመትተሽ ያዢ። ይሄን የምልሽ ወድጄ አይደለም። ግልባጭ የሚሰጥበት መስኮት ላይ በ23 ቀን ውስጥ አስራ አንዴ ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን «ትየባ ላይ ነው»፣ ሌላ ቀን «ዳኛው ጋ ነው»፣ ሌላ ቀን «መዝገቡ ጠፍቷል»። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ነው «ነገ» የሚለኝ። አንዴ «ወንድሜ፣ ቢያንስ ቀና ብለህ ንገረኝ» ብለው መስኮቱን ዘጋብኝ። በአስራ አንደኛው ምልልስ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አሳይቼ «ለሬጅስትራሩ አቤት ልል ነው» አልኩት። ጠፋ የተባለው መዝገብ ከኋላው ካለው ጠረጴዛ ላይ ተነሳ። እዚያው ነበር!

3. ይሄ ዋናው ነው። ይግባኝ ሰሚው የሚያየው ስር ፍርድ ቤት፣ ማለትም መጀመሪያ የወሰነው ፍርድ ቤት፣ ያነሳሽውን ክርክር ብቻ ነው። እዚያ ያላነሳሽውን ፍሬ ነገር ይግባኝ ላይ አዲስ ይዘሽ መምጣት አይቻልም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 329 ይከለክላል። ስለዚህ የወጪና ኪሳራ ዝርዝሩ ሲደርስሽ የሰጠሽውን አስተያየት አውጥተሽ አንብቢ። ምን ብለሽ ነበር? እኔ ምን እንዳልኩ ልንገርሽና ከራስሽ ጋር አስተያዪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአልሙኒየም በርና መስኮት 180,000 ብር ቀብድ ሰጥቼ ሰውዬው ስምንት ወር አጉላላኝ። ከሰስኩት። በጠበቃ መልስ አቀረበ። ክስ ሊሰማ ቀናት ሲቀሩ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ እኛን ምን ያካስሰናል? በሚቀጥለው ሳምንት ገጥሜ አስረክብሃለሁ፤ አንተም ፋይሉን ዝጋው።» ደስ አለኝ። ሦስት መስመር ማመልከቻ ጻፍኩ፤ «ክሴን ስላነሳሁ መዝገቡ ይዘጋልኝ»። በቃ።

በዚያች ሦስት መስመር ውስጥ ሁለት ነገር ጎድሏል። እንደገና ክስ የማቅረብ መብቴ ይጠበቅልኝ አላልኩም። «ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ወጪና ኪሳራ ይቻሉ» አላልኩም። ከሰውዬው ጋር አንድ ወረቀት ላይ ተፈራርመን በስምምነት አስዘግተነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍልሽም ነበር። ቃል ብቻ! ያውም በስልክ!

ችሎት ላይ ጠበቃው ብድግ ብሎ «ወጪና ኪሳራ የመጠየቅ መብታችን ይጠበቅልን» አለ። ዳኛዋ ጻፈች። በዚያው ሕግ ቁጥር 278 መዝገቡ ተዘጋ፤ ተከሳሹ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠበቀለት። እኔ የተለመደ ቃል መስሎኝ ስወጣ ጠበቃውን በእጄ ጨብጬ ነው የተሰናበትኩት። አሁን ሳስበው እጄን ያሳክከኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥሪያ መጣ። የጠበቃ አበል 36,000፣ ትራንስፖርትና የውሎ አበል 4,200፣ ኮፒና ጽሕፈት 1,850፣ «ልዩ ልዩ» 5,000። ለሰውዬው ስደውል «እኔ ምንም አላውቅም፤ ጠበቃው ነው» አለኝ።

ተናድጄ ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ጸሐፊዎች አንዷ ጋ ተቀመጥኩ። ያጻፍኩት «የተጠየቀው ወጪ የተጋነነ ስለሆነ ውድቅ ይደረግልኝ» የሚል ብቻ ነው። ልጅቷ ጨርሳ ልታትም ስትል ቆም አለችና «ጠበቃው ስንት ቀጠሮ ቀረበ?» አለችኝ። አንድ አልኳት። «ደረሰኝ አያይዟል?» ውል ብቻ ነው አልኳት። «ታዲያ እሱንም ልጨምርልህ?» እንደፈለግሽ አልኳት፤ እኔ እኮ ንዴት ላይ ነኝ። አንድ መስመር ጨመረች፤ «ጠበቃው የቀረበው በአንድ ቀጠሮ ብቻ ሲሆን ክፍያ ለመፈጸሙም ደረሰኝ አልቀረበም»። ያቺ መስመር ናት ያተረፈችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ፍርድ ቤቱ «ልዩ ልዩ»ን ሰርዞ ሌላውን እንዳለ ፈቀደ። 42,050።

4. ይግባኝ ማለትሽ ብቻውን የውሳኔውን አፈጻጸም አያቆምም። እኔ ግልባጭ ስጠብቅ ጠበቃው የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ የባንክ ሒሳቤን ሊያሳግድ ነበር። ይግባኙን ሳስገባ የእግድ ማመልከቻ በቃለ መሐላ አያይዤ ሰጠሁ። ገንዘቡን በሞዴል 85፣ በፍርድ ቤት ማስያዣ ደረሰኝ፣ እንዳስይዝ ታዘዝኩና አፈጻጸሙ ታገደልኝ። አዎ፣ ገንዘቡ ከኪስሽ ይወጣል። ግን የሚቀመጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ሰውዬው ኪስ ገብቶ «መልስ» እያልሽ አታሳድጂም።

ስለ ይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ፦ የመጀመሪያው ረቂቄ ስድስት ገጽ ነበር። አምስት ተኩሉ ስለ በሮቹና ስለ ሰውዬው ቃል አባይነት። የአክስቴ ልጅ አንብቦ «ይሄን ለሚስትህ ንገራት» አለኝና ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረደው። ልክ ነው። ይግባኝ ሰሚው ማን ማንን እንዳታለለ አያይም። በቁጥር 462 ወጪና ኪሳራ በፍርድ ቤቱ ሚዛን የሚወሰን ነገር ነው። አንቺ ማሳየት ያለብሽ ያ ሚዛን ምን ላይ ቆሞ እንደተመዘነ ነው። የቱ ወጪ ማስረጃ የለውም? የቱ ክሱ ሳይሰማ ስለተዘጋ አልወጣም? «ድሃ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ» አትበይ። «ክሱን ያነሳሁት በቅን ልቦና ነው» ማለት ይቻላል፤ ግን እሱ ብቻውን አያሸንፍም።

እንግዲህ በቁጥር 337 መልስ ሰጪው፣ ያው የስር ተከሳሹ፣ ሳይጠራ ይግባኝሽ ሊሰረዝም ይችላል። ያን ቀን ሆዴ ሲንቦጫቦጭ ነው የዋልኩት። «ያስቀርባል»፣ ማለትም መልስ ሰጪው ይጠራ፣ ሲሉኝ ግማሹን እንዳሸነፍኩ ቆጠርኩት።

ክርክሩ አስር ደቂቃም አልፈጀም። የመሃል ዳኛው ጠበቃውን «በስር ፍርድ ቤት ስንት ቀጠሮ ቆምክ?» አሉት። ፋይሉን አገላበጠ። ሳል አለ። «አንድ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።» ልጅቷ ትዝ አለችኝ። የጥብቅና ውሉ ለሙሉ ክርክር የተዋዋሉት ነው፤ ክሱ ግን ሳይሰማ ነው የተዘጋ። ሁሉንም አንድ ላይ በቁርጥ 15,000 አድርገው ውሳኔውን አሻሻሉት።

ለይግባኙ ከዳኝነት ክፍያ እስከ ታክሲ ወደ 6,000 ብር አውጥቻለሁ። የተቀነሰልኝ 27,050 ነው። ሥራ የቀረሁባቸውን ቀናት አልቆጠርኩም፤ ብቆጥራቸው ንዴቴ ይነሳል። መስኮቶቹን በመጨረሻ ገጠመ። ሁለቱ በሮች እስካሁን የሉም። እንደገና ልክሰስ ብል ደግሞ መብቴን ሳላስጠብቅ ነው ያነሳሁት። አንቺ አስጠብቀሽ ከሆነ እሰየው፤ ግን ይርጋው፣ ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ የመጀመሪያውን ክስ እንዳልነበረ ቆጥሮ ነው የሚሄደው፣ እሱንም አትዘንጊ።

አሁን የአንቺ 38 ሺህ ውስጥ የጠበቃ አበሉ ስንት ነው? ደረሰኝ አለው? አስተያየትሽ ላይ አንስተሽዋል? ከሁሉ በፊት ደግሞ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን አልጻፍሽም። እሱን ጻፊልኝ፣ ቀኑን አብረን እንቁጠር።