ሰፎክ ውስጥ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ለመግዛት ላሰቡት እህታችን፦ ግንበኛውን ከመቅጠርዎ በፊት

እህታችን ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። እንግሊዝ አገር ሰፎክ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ መንደር ግሬድ ቱ በሚባለው የቅርስ ደረጃ የተመዘገበ የእንጨትና የጭቃ ቤት ለመግዛት በዋጋ ተስማምተዋል፤ የሰርቬይ ሪፖርቱ የምዕራቡ ግድግዳ እርጥበት አለው ይላል፤ አንድ ግንበኛ ደግሞ ውጪውን በሲሚንቶ ለስኖ፣ መስኮቶቹን በፕላስቲክ ቀይሮ በሁለት ሳምንት እንደሚያስረክብዎ ነግሮዎታል። የጠየቁት «ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?» ብለው ነው። አዎ፣ ያስፈልጋል። ነገር ግን ፈቃዱን ቢያገኙ እንኳ ሲሚንቶውን አያስነኩት። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ እርስዎ ያሉበት ቦታ ላይ ቆሜ ተቃራኒውን አድርጌአለሁ፤ ለልስኑ 4,800 ፓውንድ ከፈልሁ፣ ልስኑን ለማንሳትና ያበላሸውን ለመጠገን ደግሞ ከ26,000 ፓውንድ በላይ ወጣብኝ።

አንደኛ፣ ቤቱን ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የተባለው የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው ብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ላይ ይፈልጉት፤ ማንም ሰው በነፃ ሊያየው ይችላል። የእኔ ቤት መግለጫ ስድስት መስመር ብቻ ነበር፤ ስለ ጣሪያው ክዳን፣ ስለ ጭስ ማውጫውና ስለ ፊት ለፊቱ በር ተናግሮ ያበቃል። እኔም ያልተጠቀሰው ሁሉ የራሴ ነው ብዬ ደመደምሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ የሚጠብቀው ግን ቤቱን በሙሉ ነው፤ ውስጡንም፣ ውጪውንም፣ ከእርሱ ጋር ተያይዞ የቆመውንም፣ ከጁላይ 1 ቀን 1948 በፊት በግቢው ውስጥ የተሠራውን አጥርና ጎተራ ጭምር። «ግሬድ ቱ ዝቅተኛው ስለሆነ ቀለል ይላል» የሚል ወሬም ይሰማሉ። በእንግሊዝ ከተመዘገቡት ሕንፃዎች ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ግሬድ ቱ ናቸው፤ ፈቃድ በማስፈለጉ በኩል ግን ከግሬድ ዋን የሚለያቸው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ያለ ፈቃድ ያደረገውን ነገር ከመፈረምዎ በፊት ያስመርምሩ። ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ሲሆን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም ጣሪያ ያልተበጀለት መቀጮ ያስከትላል። በወንጀሉ የሚጠየቀው የሠራውና ያሠራው ሰው ነው፤ «ወደ ነበረበት መልስ» የሚለው የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ትእዛዝ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ ይተላለፋል፣ ይርጋም የለውም። ጠበቃዎ ለእንዲህ ያለው ስጋት መድን ሊያስገባልዎ ይችላል። ካውንስሉን አስቀድመው ካነጋገሩ ግን መድን ሰጪዎቹ ብዙውን ጊዜ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ስለ ኩሽናው መስኮት ለመጠየቅ በቅንነት ደውዬ በሩን በገዛ እጄ ዘጋሁት። የመስኮቱን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ሲሚንቶው ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ በልጥ ታስሮ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ሲመረግበት እያየሁ፣ ከዚያም በላይ እየረገጥሁ ነው ያደግሁት። እንግሊዝ አገር የገዛሁት የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ቤት በምን እንደተሠራ ግን ልስኑ እስኪነሣ ድረስ አላወቅሁም ነበር። ቋሚና አግዳሚው ኦክ ነው፤ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ተጠላልፎ፣ ጭድ ያለበት ጭቃ ተመርጎበት፣ በላዩ የፍየል ፀጉር የገባበት የኖራ ልስን ተለብጦበታል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ነፋስ ሲያገኝ መልሶ ይተፋል። ሲሚንቶ በላዩ ሲደረግበት እንጨቱ እንደ ወትሮው ከወቅቱ ጋር ይላወሳል፣ ሲሚንቶው ደግሞ መላወስ ስለማይችል ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይተረተራል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ቁልቁል ይወርድና መሠረቱ ላይ ከተጋደመው ግንድ ላይ ይተኛል። የጎንደርን ፋሲል ግቢ ያደሱት ባለሙያዎች ቀደም ሲል የገባውን ሲሚንቶ እያወጡ በኖራ መተካታቸውን ያነበብሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው፤ የአገሬ ቤተ መንግሥት ያስተማረውን እኔ እንግሊዝ አገር ገንዘቤን ከስክሼ ተማርሁት።

በሁለተኛው የብርድ ወራት ሳሎኑ ውስጥ የሻገተ እንጀራ የመሰለ ሽታ መጣ። ባለቤቴ ሽታው ከምንጣፉ ነው ብላ ምንጣፉን አወጣን፤ ሽታው አልሄደም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጥጉ ሥር የወለሉን ጣውላ አንሥቼ፣ በእጄ የያዝሁትን ካቻቪቴ በግንዱ ላይ ገፋ ሳደርገው እስከ እጀታው ድረስ ሰመጠ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቤቱን የተሸከመው ኦክ በእጅ የሚፈረፈር ሆኖ ነበር። ሳወጣው ጫፉ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ተጣብቆ ወጣ። ካቻቪቴዋን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

የቢሮው መከራ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የካውንስሉን ስም አልጠራም። ጥፋቱን ራሴ ላመለክት ሄጄ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ «ተከራይ ነህ ወይስ ሠራተኛ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ ስላት የባለቤቱን ስም ደግሜ እንድጽፍላት ወረቀት ገፋች። ሊያይ የመጣው የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ደግሞ በሩን ከፍቼለት ቆሜ ሳለ በትከሻዬ አሻግሮ እየተመለከተ የቤቱ ሰዎች መኖር አለመኖራቸውን ጠየቀኝ። ግድግዳውን አይቶ «ይህንን ያደረገ ሰው ስለ እንዲህ ያለ ቤት ምንም አያውቅም» አለ። እውነቱን ነበር፤ አባባሉ ግን ከሲሚንቶው ይልቅ ቆየብኝ። ከዚያ አራት ወር ሙሉ ከደብዳቤ በቀር ሰው አላየሁም። ክስ ያልተመሠረተብኝ ራሴ ቀድሜ ስላመለከትሁና የጥገናውን ዕቅድ በጽሑፍ ስላቀረብሁ ይመስለኛል፤ እርስዎም ማንኛውንም ነገር በጽሑፍ ያድርጉት፣ በስልክ የተነገረዎትንም በዚያው ቀን በኢሜይል መልሰው ይጻፉላቸው።

መንገዱን ያሳየኝ በዊልያም ሞሪስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1877 የተመሠረተው፣ በአጭሩ ስፓብ የሚባለው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ነው። ነፃ የስልክ ምክር ይሰጣሉ፤ ያነጋገረኝ ሰው አንዴም አላቋረጠኝም። ያለ ኖራ ባለሙያ አትጀምር፣ ውርጭ ባለበት ወራትም ኖራ አታስለስን አለኝ። የመጣው ባለሙያ ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለጠ ሲያነሣ ከሥሩ የወጣውን ጭቃ ሊጥለው አልፈቀደም፤ ውኃና አዲስ ጭድ ጨምረን መልሰን እንመርገዋለን አለ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። ሰውዬው እንዲህ ያለ አረጋገጥ የት እንደተማርሁ ጠየቀኝ፤ የእናቴ ቤት በየሁለት ዓመቱ እንዲህ ይመረግ እንደነበር ነገርሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ረዳቱ አድርጎ ያስተዋውቀኝ ነበር። የምዕራቡን ግድግዳ ግማሽ የመረግሁት እኔ ነኝ። ኖራው ቶሎ እንዳይደርቅ ለሳምንታት እርጥብ ጆንያ እያለበስን ጠበቅነው፤ በመጨረሻም በቀጭኑ አምስት ጊዜ የኖራ ቅብ ተቀባ። በመስከረም የቅርስ ቤቶች ለሕዝብ ክፍት በሚሆኑበት ሰሞን የመንደሩ ሰዎች ሊያዩት ተሰልፈው መጡ፤ ያ የካውንስሉ ባለሙያም መጥቶ ነበር፣ በዚህ ጊዜ ግን የጠየቀው እኔን ነበር።

ልስኑ ሲነሣ ሌላም ነገር ታየ። በኦክ ቋሚዎቹ ላይ አናጢዎቹ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ለማወቅ የጫሩት የሮማውያን ቁጥር አለ። ከምድጃው በላይ ባለው ግንድ ላይ ደግሞ በኮምፓስ የተነደፈ፣ ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ተጭሯል፤ ክፉ ነገር በጭስ ማውጫው እንዳይገባ የሚደረግ ምልክት ነው። ክታብ አንገቷ ላይ ይዛ ላደገች ባለቤቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የእርስዎ ግንበኛ «አሮጌ እንጨት እናለስልሰው» ብሎ በማሽን ቢፍቀው የሚጠፋው ይህ ነው።

ቤቶቹ ለምን እንዲህ እንደቆዩ ለማየት አንድ ቀን እዚያው ሰፎክ ውስጥ ወዳለችው ላቨንሃም ይሂዱ። ሦስት መቶ የሚያህሉ የተመዘገቡ ሕንፃዎች ያሏት መንደር ናት። በሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ንግድ ከእንግሊዝ ባለጠጋ ከተሞች ተርታ ተሰልፋ ነበር፤ በ1530 ገደማ የተሠራው የኮርፐስ ክርስቲ አዳራሽ፣ በእኛ አነጋገር የማኅበር ቤት፣ ዛሬም አደባባዩ ላይ ቆሟል። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ 43 ሜትር ይሆናል። ኮልቸስተር የሰፈሩ የሆላንድ ስደተኞች ቀለል ያለና ርካሽ ጨርቅ መሥራት ሲጀምሩ ንግዱ ሞተ፤ አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብም ጠፋ። ቤቶቹን ያተረፋቸው የባለቤቶቻቸው ማጣት ነው። እኔ ያገኘሁት ጥቂት ትርፍ ገንዘብ የሦስት መቶ ዓመት ቤት በሁለት ክረምት ሊጥል ምን ያህል እንደቀረበ ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ቁጥሩን ረስቼዋለሁ፣ የቀሩትን እንዲሁ ልጥቀስ። የሰርቬይ ባለሙያው ግድግዳዎ ላይ የሰካው ባለ ሁለት መርፌ መለኪያ የተሠራው ለእንጨት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ጨው ካለ ቁጥሩ ያለ ልክ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ አሸንዳው መደፈኑን፣ ውጪ ያለው አፈርም ከመሠረቱ ግንድ በላይ መከመሩን ይመልከቱ፤ የእኔ እርጥበት ዋና መነሻ አካፋ ብቻ የሚፈልግ የአፈር ክምር ነበር። ለቅርስ ሕንፃ ፈቃድ ማመልከቻ ክፍያ የለውም፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል ይባላል፣ የእኔ አሥራ ዘጠኝ ፈጅቷል። ለተፈቀዱ ለውጦች ይሰጥ የነበረው የቫት ነፃነት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ስለተነሣ ባለሙያው በሚነግርዎት ዋጋ ላይ 20 በመቶ ይደምሩ።

የኩሽናው መስኮት፣ እኔ ሳልሆን ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ያስገቡት ፕላስቲክ፣ እስካሁን እንደቆመ ነው። በእንጨት እንድቀይረው ታዝዣለሁ፤ የላክሁትን የአናጢ ንድፍ ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል፣ አንዴ ክፈፉ ወፈረ ብለው፣ አንዴ ቀጠነ ብለው። ሦስተኛውን ማክሰኞ አስገብቻለሁ። የእርስዎን ቤት መስኮቶች ፎቶ ከቻሉ እዚሁ ያስቀምጡልን፤ መስተዋቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሞገድ የሚሠራ ከሆነ አሮጌ መስተዋት ሊሆን ስለሚችል ግንበኛው እጁን እንዳያስጠጋበት።