ጨጓራው አንሷል፣ ማዕዱስ?

ሰላም ውድ አንባቢዎች። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ጨጓራ ማሳነሻ ኦፕራሲዮን ናቸው። አንዷ ገና ልትሠራ ነው፣ አንዱ ከተሠራ ወራት አልፈውታል፣ ሦስተኛዋ ደግሞ እናት ናቸው። አንድ ላይ ያቀረብኳቸው ጉዳያቸው ስለሚገናኝ ነው። ሐኪሙ ሥራውን በአንድ ወይ በሁለት ሰዓት ጨርሶ ይወጣል፤ የቀረው ሁሉ የሚሆነው ግን ኩሽና ውስጥ፣ ገበታ ላይ፣ በጾም ቀን፣ ሠርግ ቤትና ለቅሶ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ብቻውን አይበላም። ስለዚህ የሚዘጋጀው በሽተኛው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ሁሉ ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ 38 ዓመቴ ነው። ቢኤምአይሽ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) 37 ነው ተብያለሁ፤ ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም፣ ቃር ግን ያስቸግረኛል። ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ማሳነሻ ለመሠራት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። እማዬ ልታስታምመኝ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ግን "ትንሽ ሕክምና አለብኝ" አልኳት እንጂ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ጾም እጾማለሁ። እንጀራ የምበላው መቼ ነው? ከአሁኑ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለእናትሽ ንገሪያት። ሳትሳፈር። እሷ ሻንጣዋን በበሶና በአጥሚት እህል፣ በሽሮና በንጥር ቅቤ ሞልታ ነው የምትመጣው፤ ገና ከሆስፒታል ስትወጪም ማር የገባበት አጥሚትና ቅቤ የጠጣ ገንፎ ታቀርብልሻለች፣ ምክንያቱም ለታመመ ሰው የምናውቀው እሱን ነው። አንቺ ደግሞ ምንም ሳታስረጂ "አልችልም" ስትዪ አትድኚም ብላ ትፈራለች። እናቶች እንዲህ ሲያለቅሱ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። ቀድማ ካወቀች ግን ከእሷ የተሻለ አስታማሚ የለሽም። የዶሮ መረቅ ትሠራልሻለች። ቅባቱን ገፋ አድርጋ፣ በርበሬውን ትታ፣ አጥልላ። ሥራ ስጫት።

ስለ 37ቱ በአጭሩ። ለብዙ ዓመታት የሚሠራበት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ነበር፦ ቢኤምአይ 40፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካና የዓለም አቀፍ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ይህን አሻሽለው፣ 35 የሞላው ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ይሠራለት አሉ። ኢንሹራንሶች ግን ሁሉም እኩል አልተከተሉም። የኢንሹራንሱን ፈቃድ በጽሑፍ ሳትይዢ እንዳትገቢ።

ቃርሽን ግን በደንብ አንሺው። ስሊቭ ማለት የጨጓራሽ ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው፣ የሚይዘውም ሁለት የቡና ሲኒ ቢሆን ነው። ጠባብ ስለሆነ ግፊቱ ይጨምርና ቃር ያለበትን ሰው ሊያባብስበት ይችላል። አንዳንድ ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ ሰው ባይፓስን፣ ማለትም ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራ ዘልሎ የሚያልፍበትን ኦፕራሲዮን፣ የሚመርጡት ለዚህ ነው። "ቃር አለብኝ፣ ስሊቭ ይሻለኛል ወይስ ባይፓስ?" ብለሽ ጠይቂ። ጨጓራዬ በካሜራ ይታይልኝ በዪ፤ ኤች ፓይሎሪም ይመርመር። ይህ ባክቴሪያ አገር ቤት ባደገ ሰው ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፣ ካለም አስቀድሞ ይታከማል።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል በአብዛኛው ፈሳሽና ፕሮቲን ብቻ ውሰጂ ይሉሻል። እንዲሁ ልማድ እንዳይመስልሽ። ጉበት ጨጓራ ላይ ተኝቶ ነው ያለው፤ ስብ ሲይዝና ሲያብጥ ሐኪሙ በቀላሉ አንስቶ መሥራት አይችልም። በእነዚያ ቀናት ጉበቱ ይቀንሳል። ሲጋራም ሺሻም ካለ ከአሁኑ ይቁም።

አሁን ወደ ጾሙ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት እሱን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከኦፕራሲዮን በኋላ በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል፤ ያ ካልገባ ሰውነትሽ ጡንቻሽን ነው የሚበላው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ጥሩ ነው። ግን አንቺ በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ጊዜ የምትችይው ሩብ ኩባያ ነው፣ ይህ ማለት አራት ወይ አምስት ግራም። በምስር ብቻ 60 ግራም ልሙላ ብትዪ ከሦስት ኩባያ በላይ ያስፈልግሻል፣ ያን የሚይዝ ጨጓራ ደግሞ የለሽም። ሽሮም እንዲሁ ነው፣ እየቀጠነ ሲሠራ ፕሮቲኑም ይቀንሳል። ሌላው ችግር ሰዓቱ ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አለመቅመስ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨሽ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ፈሳሽ ማስገባት አለብሽ፤ አንድ ጊዜ ገልብጠሽ የምትጠጪበት ዘመን አልፏል። መጀመሪያ ላይ ሰዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ነው።

ስለዚህ የንስሐ አባትሽን አሁኑኑ አነጋግሪ። ለበሽተኛ ጾም እንደሚቀልለት አንቺም ታውቂያለሽ፣ ግን ሁዳዴ ገብቶ ሰው ሁሉ ሲጾም ብቻሽን ከመወሰን ቀድሞ ምክር መቀበል ልብ ያሳርፋል። ረመዳን ለሚጾሙ እህቶቼም ይኸው ነው፣ ውሃ አለመጠጣቱ ከምግቡ ይልቅ ያሳስበኛል። በኋላ፣ ሐኪምሽ ሲፈቅድልሽ፣ የጾሙን ምግብ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር ከተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ጋር ማድረግ ይቻላል። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ዌይ የሚባለው ዱቄት ግን ከወተት የሚሠራ ነው፣ ስትገዢ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቢ።

እንጀራ? ይመለሳል። ግን ቀስ ብሎ። ፈሳሹ፣ የተፈጨው፣ ለስላሳው ደረጃ አልፎ ወደ ተለመደው ምግብ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ነው፣ እንደየሆስፒታሉም ይለያያል። እንጀራና ለስላሳ ዳቦ እየተጠቀለሉ ስለሚወርዱ መውጫው ላይ ይጣበቃሉ፤ ደረት ላይ ይቆማሉ። ወጡን አስቀድሚ፣ እንቁላሉን ወይም ዓሣውን፣ ከዚያ ቦታ ከተረፈ አንድ ጣት የሚያህል እንጀራ በደንብ አኝከሽ። ከምግቡ ጋር ውሃ አትጠጪ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ።

ቡናውም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆያል። ሲመለስ ያለ ስኳር፣ ከብረት ኪኒኑም አርቀሽ፣ ምክንያቱም ቡናና ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን ነዎት? አዲስ አበባ ነኝ፣ 45 ዓመቴ። ከስምንት ወር በፊት ሕንድ ሄጄ ባይፓስ ተሠርቻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዙ ቀንሻለሁ፣ ስኳሬም ወርዶ መድኃኒቱን አቁመውልኛል። ደህና ስለሆንኩና ዋጋውም ስለከበደኝ ቫይታሚኑን ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አሁን እግሬን ይነዝረኛል፣ ሌሊት ይብሳል። ሻይ በስኳር ስጠጣ ልቤ ይመታል፣ ያልበኛል፣ መተኛት ያምረኛል። ለወገቤ ደግሞ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እወስዳለሁ። ከዚህ ጋር ይያያዝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱም ይያያዛሉ፤ የእግሩ ጉዳይ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚተው አይደለም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂድ። ባይፓስ መሠራትህን ራስህ ንገራቸው፣ ሕንድ የሰጡህን ወረቀት ይዘህ ሂድ፣ ቢ12 እና ቢ1፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲ እንዲታዩልህ ጠይቅ።

ለምን መሰለህ? ባይፓስ ሲሠራ ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘልሎ ያልፋል። ቢ12 ከምግብ ተለይቶ ለመግባት የጨጓራ አሲድና ከጨጓራ የሚወጣ ልዩ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ብረትና ካልሲየም ደግሞ በብዛት የሚገቡት በዚያ በተዘለለው የአንጀት ክፍል ነው። ስለዚህ ሥጋ ብትበላ፣ ጤፍ ብትበላ፣ በቂ ላይገባ ይችላል። ጉበት ውስጥ የተጠራቀመ ቢ12 ስላለ መጀመሪያ ላይ ሰው ምንም አይሰማውም፣ "ደህና ነኝ" ብሎ የሚያቆመውም በዚያ ጊዜ ነው። ቆይቶ ነርቭ ይጎዳል፤ ነርቭ ከተጎዳ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቫይታሚኑ የሕይወት ዘመን ነው ወንድሜ። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን "የታዘዘልኝን መግዛት አልቻልኩም፣ በሌላ የሚተካ አለ?" ብለህ ሐኪሙን ጠይቅ፤ ቢ12ን በየጊዜው በመርፌ መውሰድ ለብዙ ሰው መፍትሔ ሆኗል። ፋርማሲ ሄደህ በራስህ ከመወጋትህ በፊት ግን ደምህ ይታይ። እያስመለሰህ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ግባ። ማስመለስ ሲደጋገም ቢ1 በሳምንታት ውስጥ ያልቅና አንጎልን ይጎዳል።

ዳይክሎፌናኩን ዛሬ አቁም። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። አንጀትህ ከአዲሱ ትንሽ ጨጓራ ጋር የተሰፋበት ቦታ ላይ ቁስል ያመጣሉ፣ ሊያደማና ሊበሳም ይችላል። ሐኪም እስኪያይህ ድረስ ለወገቡ ፓራሲታሞል ያቆይሃል። አስፕሪን ለልብ ታዞልህ ከሆነ ግን ሐኪምህን ሳትጠይቅ አታቋርጥ። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰህ አትጠብቅ።

የሻዩ ነገር ዳምፒንግ የሚባለው ነው። ስኳሩ ሳይቆይ አንጀት ውስጥ ይወርድና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ ያስመታል፣ ላብ ያመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደም ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ፤ ማርም፣ ለስላሳም፣ ብርዝም ያው ናቸው። ስለ መጠጥ አልጠየቅከኝም ግን ልናገር፦ አልኮል አሁን ወደ ደምህ የሚገባው በፍጥነት ነው፣ ድሮ በምትችለው ጠጅ መኪና መንዳት አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲስተር፣ እንዴት ነሽ? ልጄ ስቶክሆልም ነው የምትኖረው፣ ባይፓስ የሚባለውን ከተሠራች አምስት ወሯ ነው። ለዘመን መለወጫ መጥታ ነበር። ጉርሻ እምቢ አለችኝ። ፀጉሯ በእፍኝ ይወጣል። ጎረቤቱ ሁሉ "ልጅሽ ምን ነካት፣ ታመመች እንዴ?" እያለ ይጠይቀኛል። ባለትዳር ነች፣ ልጅም ትፈልጋለች። ይሆንላታል?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ጻፉልኝ። የፀጉሩ ነገር መጀመሪያ። ሰውነት በፍጥነት ሲከሳ ፀጉር ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፋል፣ ከዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቆማል፣ መልሶም ይበቅላል። ፕሮቲኗንና ቫይታሚኗን መውሰዷን ይጠይቋት፤ ዓመት ካለፈና መድከምም ካለ ብረቷን ትመርመር።

ጉርሻውን እርስዎን ጠልታ አይደለም እምቢ ያለችው። የእኛ ጉርሻ ትልቅ ነው፣ እንጀራው ይበዛበታል፣ ሳይኝኩ ነው የሚዋጠው። እሷ አንድ ጉርሻ በዝቶባት ደረቷ ላይ ሲቆም ሕመሙ ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያስመልሳታል። "በሞቴ" አይበሏት እባክዎ። እምቢ ስትል ትከፋለች፣ እሺ ስትል ትታመማለች። ከፈለጉ ከዶሮው እንቁላል ላይ ቆርሰው ትንሽ፣ ያለ እንጀራ፣ ያጉርሷት። ያ ይበቃታል፣ ፕሮቲንም ነው።

ለጎረቤቶቹ መልስ የሚሰጡት እርስዎ ቢሆኑ እሷን ያሳርፏታል። አገራችን መክሳትን ከክፉ በሽታ ጋር ነው የሚያያይዘው፤ ልጅቱ በየደረሰችበት "ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ?" ሲሏት ደስታዋ ይጠፋል። "በሕክምና ነው የቀነሰችው፣ ደህና ነች" ቢሉ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ለመናገር የእሷን ፈቃድ ይጠይቁ።

ልጅ ይሆንላታል። እንዲያውም ክብደት ሲቀንስ የወር አበባ ይስተካከልና ማርገዝ ቀድሞ ከነበረው ይቀላል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው፣ ሳይታሰብ ይመጣል። ሐኪሞች ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር ጠብቁ ይላሉ፣ ክብደቷ ገና እየወረደ ሳለ ለፅንሱም ለእሷም በቂ ምግብ አይገኝም። እስከዚያ መከላከያዋ በአፍ የሚዋጥ ኪኒን ከሆነ ከባይፓስ በኋላ ሥራው ሊቀንስ ስለሚችል፣ ክንድ ላይ ስለሚቀበረው ወይም ስለ ሉፕ ሐኪሟን ትጠይቅ። ስታረግዝም ባይፓስ መሠራቷን ለአዋላጇ ከመጀመሪያው ቀን ትንገራት፤ ቫይታሚኗ ለእርግዝና ይስተካከልላታል፣ ለስኳር ምርመራ የሚያጠጡት ጣፋጭ ፈሳሽም ዳምፒንግ ስለሚያስነሳባት በሌላ መንገድ ይመረምሯታል። እርስዎ ደግሞ እስከዚያ በየስልኩ "አሁንም የለም?" አይበሏት።