መልስ፦ አለቃዬ ግሩፕ ላይ ሲወቅሰኝ ምን ልበል?

እህቴ፣ አለቃሽ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሰው ሁሉ እያየ እንደሚወቅስሽ፣ አንቺም ማታ ንዴትሽን ባለቤትሽ ላይ እንደምትወጪ ጽፈሻል። በጣም ይከብዳል።

ግሩፑ ላይ አትመልሺለት። እዚያ ሰው እያየው ስለሆነ ቃሉን ማጠፍ ያሳፍረዋል። በነጋታው ጠዋት፣ ሥራ ሳይበዛበት፣ "አምስት ደቂቃ ይኖርዎታል?" ብለሽ ለብቻው አናግሪው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻል ሮዘንበርግ ያስተማረው ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ደህና አድርጎ ይሠራል፤ መጀመሪያ ያየሽውን፣ ቀጥሎ የተሰማሽን፣ ከዚያ የሚያስፈልግሽን፣ በመጨረሻ ጥያቄሽን። "ሁሌ ያዋርዱኛል" ካልሽው ክርክር ይጀመራል። ይልቅ "ትናንት ሪፖርቱ መዘግየቱን ግሩፑ ላይ ሲጽፉ አፈርኩ። ስህተቴን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ግን በውስጥ መስመር ቢነግሩኝስ?" በይው። የጻፈውን ካላጠፋው እዚያው ስለሚገኝ፣ አልጻፍኩም ሊልሽ ይከብደዋል።

ቤት ደግሞ ገና ስትገቢ "ዛሬ ሥራ ቦታ ተናድጃለሁ፤ አንተ ምንም አላጠፋህም፣ ትንሽ ልረፍ" በይው። እውነቴን ነው፣ ይህቺ ብቻ ብዙ ጠብ ታስቀራለች። ካረፍሽ በኋላ ግን አንቺው ቀድመሽ አውሪው። ዝም ብለሽ ካደርሽ፣ የተቀየምሽው በእሱ ይመስለዋል።