መልስ፦ ያልላክሁት ኢሜይል «አልደረሰም» እያለ ይመለስብኛል

አብሽሩ። በኮምቦልቻው መደብርዎ ስም ያልላኩት ኢሜይል በመቶዎች ተመልሶ መምጣቱ የግድ የኢሜይል ሳጥንዎ ተሰብሯል፣ ሌላ ሰው ገብቶበታል ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው አድራሻዎን እንደ ላኪ ጽፎ የላከው ሳይደርስ ሲቀር ወደ እርስዎ ይመለሳል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል መላላኪያ ሥርዓት፣ ኤስኤምቲፒ፣ የላኪውን ማንነት አያጣራም፤ ደሴ ፒያሳ ቆሞ በፖስታ ጀርባ ላይ የእርስዎን ስም መጻፍ ማንን ያቅተዋል? እኔም ይኸው ደርሶብኝ ሦስት ቀን ሙሉ የይለፍ ቃል ስቀያይር ከረምሁ፤ ከንቱ ድካም! (እርስዎ ለጥንቃቄ አንድ ጊዜ ይቀይሩት፣ ይበቃል።)

መድኃኒቱ ያለው የዶሜይንዎ (በኢሜይል አድራሻዎ ከ@ በኋላ ያለው ስም) መዝገብ፣ ማለትም ዲኤንኤስ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሞሉ ሦስት ቅንብሮች አሉ። ኤስፒኤፍ (SPF) በስምዎ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች (ኢሜይል የሚያመላልሱ ኮምፒውተሮች) ይዘረዝራል፤ ዲኪም (DKIM) ደብዳቤውን በዲጂታል ፊርማ ያትማል፤ ዲማርክ (DMARC) ደግሞ በሁለቱም የወደቀውን ደብዳቤ ተቀባዩ ምን እንዲያደርገው እንደሚፈልጉ ይናገራል። ዲማርክን መጀመሪያ «none» (ምንም አታድርግ) ላይ አድርገው የሚላክልዎትን ሪፖርት ጥቂት ሳምንታት ያንብቡ። በስምዎ ለደንበኞች ደረሰኝ የሚልከውን ፕሮግራም መዘርዘር ረስተው በቀጥታ «reject» (አትቀበል) ካሉ፣ የሚታገደው የራስዎ ደረሰኝ ነው።

ተመልሰው ለሚመጡት መልእክቶች መልስ አይስጡ። ይህን ሁሉ አድርገውም ግን ዲማርክን የማይፈትሽ ሰርቨር ሐሰተኛውን ደብዳቤ አሁንም ሊቀበል ይችላል።