«ገቢያችሁ ስለጨመረ ቤቱን ልቀቁ ተባልን»

ጥያቄው የመጣው ከሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ነው። ጠያቂዋ ከልጃቸው ጋር ታክስ ክሬዲት አፓርትመንት (ባለሀብቱ የግብር ቅናሽ አግኝቶ በተገደበ ኪራይ የሚያከራየው ቤት) ውስጥ ሲኖሩ 3 ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤታቸው ከ8 ወር በፊት ከአዲስ አበባ መጡ። አሁን ሥጋ ፋብሪካ የሌሊት ሺፍት ይሠራሉ። ስማቸው ግን ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ የለም። የሕንጻው ማኔጀር «የሁለታችሁ ገቢ ከልክ አልፏል፣ በ30 ቀን ውስጥ ልቀቁ» አለቻቸው። «መብት አለን ወይ?» ይላሉ።

እህቴ፣ አትልቀቁ። ገቢያችሁ አደገ ተብሎ ከዚህ ዓይነት ቤት አትባረሩም።

እንዲህ ያለ ቤት የሚተዳደረው በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል የግብር ሕግ፣ አንቀጽ 42 ነው። መንግሥት ለባለሀብቱ ለ10 ዓመት የግብር ቅናሽ ይሰጠዋል። እሱ ደግሞ ቤቱን በተገደበ ኪራይ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ያከራያል። ልኩ ብዙ ጊዜ የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ ነው። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ልኩ የሚለካው ስትገቡ ነው። እርስዎ ሲገቡ ብቁ ከነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ደመወዝ ቢጨምር ቤቱ ብቁ እንደሆነ ይቀጥላል። ለምሳሌ ለቤተሰባችሁ ልኩ 50,000 ዶላር ነው እንበል። ገቢያችሁ ከልኩ 140 በመቶ፣ ማለትም ከ70,000 ዶላር ቢያልፍ እንኳ ግዴታው የሚወድቀው አከራዩ ላይ ነው። በዚያው ሕንጻ ቀጥሎ የሚለቀቀውን ተመጣጣኝ ወይም አነስ ያለ ቤት ብቁ ለሆነ ሰው ማከራየት አለበት። እናንተ ባላችሁበት ትቀጥላላችሁ። ሕንጻው ውስጥ በገበያ ዋጋ የሚከራዩ ቤቶችም ካሉ ግን ኪራያችሁ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሕጉ አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት እንዳያስወጣ ይከለክላል። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያም ይህ ክልከላ ለመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ብቻ ሳይሆን አከራዩ ከክፍለ ግዛቱ ጋር ለገባው ውል ዘመን ሁሉ፣ ቢያንስ ለ30 ዓመት እንደሚጸና ገልጿል። ስለዚህ «ሊዛችሁ አልቋል፣ አላድስም» ማለትም መውጫ አይሆናትም። ማኔጀሮች የሚደናገጡት ባለሀብቱ የግብር ቅናሹን እንዳያጣ ስለሚፈሩ ነው። ያለ ምክንያት ማስወጣት ራሱ ጥሰት መሆኑን ግን ብዙዎቹ ይረሱታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እኔን የሚያስፈራኝ የባለቤትዎ ደመወዝ ሳይሆን ስማቸው ሊዙ ላይ አለመኖሩ ነው። ያልተመዘገበ ሰው ቤት ውስጥ ማኖር የሊዝ ጥሰት ነው፤ የሊዝ ጥሰት ደግሞ «በቂ ምክንያት» ሊባል ይችላል። የኛ ሰው ገቢዬ በዛ እንዳይሉኝ ብሎ ባሉን ወይም ሚስቱን ይደብቃል። የሚያስወጣው ግን ገቢው ሳይሆን መደበቁ ነው። ይህን ስመለከት ልቤ ያዝናል፤ ምክንያቱም እውነቱን ቢናገር ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር።

ስለዚህ ባለቤትዎ ሊዙ ላይ እንዲጨመሩ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። በእንግሊዝኛ የተተረጎመ የጋብቻ ወረቀትና የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ደረሰኞቻቸውን አያይዙ፤ ያስገቡበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ ያስቀሩ። ባለፉት 8 ወራት የገቢ ማረጋገጫ ፎርም ፈርመው እሳቸውን ሳይጠቅሱ ከነበረ ግን፣ ከማንም በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ሱ ፎልስ ውስጥ ኢስት ሪቨር ሊጋል ሰርቪስስ የሚባል አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት አለ።

ማኔጀሯ ምክንያቷን በጽሑፍ እንድትሰጥ ይጠይቁ። «በፈቃዴ እለቃለሁ» የሚል ወረቀት ቢቀርብልዎ አይፈርሙ። ኪራይዎን በሰዓቱ ይክፈሉ፤ ማዘግየት ያልነበራትን ምክንያት ሊያስገኝላት ይችላል። ፕሮግራሙን የሚቆጣጠረው የሳውዝ ዳኮታ የቤቶች ልማት ባለሥልጣን ነው፤ ለእሱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ጥሰት ካገኘ በፎርም 8823 ለአይአርኤስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። አከራዮች ይህን ፎርም በደንብ ያውቁታል።

የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። ማኔጀሯ ቁልፍ መቀየርም ሆነ ዕቃ ማውጣት አትችልም። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰዎት ግን ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ወረቀቱን ይዘው በዚያው ቀን ወደ ጠበቃ ይሂዱ።