ከስያሜው በፊት ገለጻው፦ ለወጣት ጂኦሎጂስቶች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ነዳጅ ወይም ጋዝ በሚገኝበት ተፋሰስ (ደለል ተከማችቶ አለት በሆነበት ሰፊ ዝቅታ) ውስጥ የሚሠራ ወጣት ጂኦሎጂስት ከወትሮው የተለየ ንብርብር ሲያጋጥመው በአብዛኛው ስም ለማውጣት ይቸኩላል። እኔ የምመክራችሁ ገለጻውን ሳትጨርሱ ስም እንዳታወጡ ነው። ፎርሜሽን፣ ማለትም ራሱን ችሎ ስም የሚሰጠው የአለት ንብርብር፣ የሚለየው በአለቱ ዓይነትና ከበላዩም ከበታቹም ካሉት አለቶች በሚለይበት ወሰን እንጂ በዕድሜው ወይም ጋዝ በመያዙ አይደለም። ውፍረቱም ቢሆን መስፈርት አይሆንም፤ ዋናው ነገር በካርታ ላይ ሊሰመር ወይም ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሊከተሉት መቻሉ ነው።

ከቁፋሮ ጭቃው ጋር የወጣውን ፍርፋሪ አጥባችሁ በማይክሮስኮፕ ስትመለከቱ «ግራጫ የኖራ ድንጋይ» ብላችሁ አትለፉት። ቀለሙን ያያችሁት እርጥብ ሳለ ይሁን ከደረቀ በኋላ ጻፉ። 10 ከመቶ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ብታደርጉበት የኖራ ድንጋይ ወዲያው ይፈላል፤ የኖራ ድንጋይ የሚመስለው፣ ማግኒዚየም ያለበት ዶሎማይት ግን ካልተፈጨ በቀር ቀስ ብሎ ጥቂት አረፋ ብቻ ያወጣል። በኦጋዴን ተፋሰስ እንዳለው የሃማንሌይ ፎርሜሽን ሁለቱም የሚገኙበት አለት ሲገጥማችሁ፣ ይህን ሳይለዩ የተጻፈ ገለጻ ብዙም አይጠቅምም። አሸዋ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ የቅንጣቱን መጠን፣ የጠርዙን መሞረድና በመካከሉ ገብቶ ያያያዘውን ማዕድን መዝግቡ፤ ጋዙ የሚቀመጠው በቅንጣቶቹ መካከል በቀረው ክፍተት ነውና። ከጉድጓዱ ግድግዳ የተናደ አለት ከፍርፋሪው ጋር ስለሚቀላቀል፣ አንድ አለት መጀመሪያ የታየበትን ጥልቀት እመኑ፤ የታችኛውን ወሰን ግን ከሎጉ (በጉድጓዱ ውስጥ በመሣሪያ ከተለካው የአለቶቹ መዝገብ) ጋር ሳታመሳክሩ አትወስኑ።

ስያሜው ከቦታ ስም ይወሰዳል፤ የአለቱ ስም ወይም «ፎርሜሽን» የሚለው ቃል ይከተለዋል። ቀድሞ የተሰጠ ስም ካለ ግን አዲስ ማውጣት ትርፉ ግራ ማጋባት ነው፤ በዚህ ረገድ የእኛ ሙያ ሰዎች፣ በተለይ የየኩባንያው ባለሙያዎች፣ እምብዛም አንታማም አልልም። በሌላ በኩል የቆየውን ስም ያለ ማስረጃ ማራዘምም አደጋ አለው። እንግሊዛዊው ዊልያም ብላንፎርድ በ1870 እ.ኤ.አ. የጻፈለት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ስሙን ያገኘው ከትግራይዋ ከተማ ሲሆን፣ ዛሬ በኦጋዴን ከርሰ ምድር በካሉብ የጋዝ መስክም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ዕድሜውም በሁሉም ቦታ አንድ ነው ብላችሁ እንዳትነሡ።

ለፎርሜሽኑ ማመሳከሪያ ያደረጋችሁት ጉድጓድ ከሆነ የጉድጓዱን ስምና መገኛ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ወሰን ጥልቀት፣ እንዲሁም ኮሩና (ከጉድጓዱ ሳይፈረፍር ተቆርጦ የወጣው የአለት ናሙና) ፍርፋሪው የተቀመጠበትን ቦታ በግልጽ አስፍሩ፤ በገለጻችሁ የማይስማማ ሰው ናሙናውን አስወጥቶ በራሱ ዓይን ማየት ይችል ዘንድ።