የአባቷን ፌንደር ጊታር በኢንተርኔት ጨረታ ልትሸጥ ላሰበችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ፒያሳ ከነበረው የአባትሽ ቤት የወጣ ፌንደር ስትራቶካስተር የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ከኋላ አንገቱን የያዘው ብረት ላይ ትልቅ የ«ኤፍ» ፊደልና በ1 የሚጀምር ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አለው። በኢንተርኔት ጨረታ (ኢቤይ) ከመሸጤ በፊት ቀለሙን ላሳድሰው ወይ ብለሻል። ስለ አካውንት አከፋፈት ሌሎች መልሰውልሻል፣ እሱን አልደግመውም።

1. አታስቀቢው። በምንም ምክንያት አታስቀቢው። ቀለሙ ቢላጥ፣ ቢሰነጣጠቅ፣ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ቢታይ እንኳ ሰብሳቢዎች ገንዘብ የሚያወጡት ለዚያ ነው። እንዲህ ያለ የድሮ ጊታር እንደገና ከተቀባ ካልተነካው ዋጋ ግማሽ ያህሉን ያጣል። «አሳምሬ እመልስልሻለሁ» ብሎ 60 ዓመት የኖረ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው ሳይ ያንገበግበኛል፤ የጠፋው አይመለስማ። መቃኛውንም፣ ፒክአፑንም (ከክሩ ሥር ድምፁን የሚይዘውን)፣ ፍሬቱንም (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) አታስቀይሪ። ቮሊዩሙ ሲዞር ከተንኮሻኮሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ በትንሹ ወደ ፖቱ (ከማዞሪያው ሥር ያለው የድምፅ መቆጣጠሪያ) ውስጥ ረጭተሽ ወዲያና ወዲህ ሃያ ጊዜ ያህል አዙሪው፤ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ድሮ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ብሎን ወይም ክዳን ካለ በላስቲክ አድርገሽ አብረሽ ላኪው።

2. ዕድሜውን በፎቶ አስረጂ። ያ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1965–67 አካባቢ መሆኑን ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም፣ ብረቱ ከሌላ ጊታር ሊመጣ ይችላልና። ክሩን አላሊው፣ ጊታሩን ብርድ ልብስ ላይ በደረቱ አስተኚው፣ በልኩ በሆነ ካቻቢቴ አራቱን ብሎኖች ፍቺ። የአንገቱ ጫፍ ላይ ወርና ዓመቱን የያዘ የቀለም ማኅተም ታገኛለሽ። አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ቀጭን ወረቀት መሳይ ነገር ካለ ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትጥይው፣ የአንገቱን አቀማመጥ ማስተካከያ ነው፤ ወደ ቦታው መልሺው። ከዚያ የፊቱን ፕላስቲክ የያዙትን 11 ብሎኖች ፍቺ። ፕላስቲኩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላና ብሎኑ ዙሪያ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን አታስገድጂው፤ የድሮ ሴሉሎይድ ስለሚኮማተር ይሰበራል። ፖቶቹ ጀርባ ላይ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 1376633 ቢል 137 ፋብሪካው ሲቲኤስ ነው፣ 66 ዓመቱ፣ 33 ሳምንቱ። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1966 ብዙ ፖት ገዝቶ ለዓመታት ስለተጠቀመበት ጊታሩ ከፖቱ ቢዘገይ አይግረምሽ። ያልተነካውን ብየዳ በቅርብ አንሺው፤ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

3. ጣት የሚያርፍበትን ሰሌዳ እንጨት እዪ። ጥቁር ቡናማ ከሆነ የብራዚል ሮዝውድ ሊሆን ይችላል፤ በእነዚያ ዓመታት ነው ፌንደር ወደ ሕንዱ ሮዝውድ የዞረው። የብራዚሉ ዛፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተደረገው ነፃነት ሌሎቹን ሮዝውዶች እንጂ እሱን አይነካም። ያለ ወረቀት ከተላከ መድረሻው ላይ ሊወረስ ይችላል። እዚህ ስምምነቱን የሚያስፈጽመው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። መስኮቱ ላይ «ጊታርና ዱር እንስሳ ምን አገናኘው?» ብሎ ሊመልስሽ የሚሞክር አይጠፋም፤ «የሳይተስ ሰርተፍኬት፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 በፊት ለተሠራ ዕቃ» ብለሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ጉምሩክ ላይ አሮጌ ዕቃ ቅርስ ነው አይደለም የሚል ክርክር ስለሚነሳ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ መያዝም ይጠቅማል።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ግን ማጓጓዣው ላይ ነው። በስልክ ክብደቱን ብቻ ጠይቀው ዋጋ የሚነግሩሽ አሉ፤ ዕቃውን ተሸክመሽ ስትሄጂ ሜትር ያወጣሉ። የአየር ኩሪየር የሚያስከፍለው ከሚዛኑና ከመጠኑ የሚበልጠውን ነው። መጠኑ ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በከፍታ ለ5000 ተካፍሎ ይወጣል። ጊታሩ ከነሣጥኑ 8 ኪሎ ቢሆን እንኳ 115 በ45 በ20 ሳንቲሜትር ካርቶን የ20.7 ኪሎ ሂሳብ ያመጣል። አንገቱ ተፈትቶ ያለ ሣጥን በ75 በ42 በ16 ካርቶን ቢገባ 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የራሱ የድሮ ሣጥን ካለው ግን እሱም ዋጋ ስላለው አትለያያቸው። ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤትም ሆነ ኩሪየር ጋር ሦስቱን ልኬት በወረቀት ይዘሽ ሂጂና «የምታስከፍሉኝ በየትኛው ክብደት ነው?» በያቸው። «ስጦታ» ብለሽ ዝቅተኛ ዋጋ አትጻፊ፤ ቢሰበር ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የጻፍሽውን ነው። ጊታሩ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ከሆነ (ለምን እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ)፣ አሜሪካ ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ፈቃድ አንስታለች። ሆኖም እዚያው ተሠርቶ የወጣ ዕቃ ሳይሻሻል ሲመለስ ከቀረጥ ነፃ የሚገባበት አንቀጽ አላቸው፤ አሜሪካ መሠራቱን የሚያሳዩትን ፎቶዎች ከደረሰኙ ጋር አያይዢ።

ስትጠቀልይው መጀመሪያ ያረጀ የጥጥ አንሶላ ይቅደም። አረፋ ላስቲክ የድሮ ቀለም ላይ በቀጥታ ካረፈ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል፣ አይለቅም። ክሩን ሁለት ድምፅ ያህል ብቻ ዝቅ አድርጊ። ጊታሩ ሳይፈታ የሚሄድ ከሆነ ከጊታሩ ጭንቅላት ሥርና ከአንገቱ ሥር ያለውን ክፍተት በልብስ ሙዪው፤ ካርቶኑ ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።

ጨረታውን ከአዲስ አበባ አትክፈቺው። ሽያጩ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ ከዚህ አይሠራልሽም፣ ገዢም ከሩቅ አገር ለሚመጣ ጊታር እጁ ይሰስታል። ጊታሩ መጀመሪያ አሜሪካ ያለ ዘመድሽ እጅ ይግባ፤ አካውንቱም ከዚህ በፊት የሸጠበትና አስተያየት ያለው ይሁን። በአዲስ አካውንት ገንዘቡ ለሳምንታት ይያዛል። ገዢው «እንደተጻፈው አይደለም» ካለ ዕቃው የሚመለሰው ዘመድሽ ጋር ነው፣ የመመለሻውን ማጓጓዣም ዘመድሽ ይከፍላል። ስለዚህ ስንጥቁንም፣ የተቀየረውንም ብሎን ሳትደብቂ አጽፊ፤ 24 ፎቶ ይፈቀዳል፣ ሁሉንም ተጠቀሚበት።

መነሻ ዋጋ ስታወጪ የሚጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ እዪ። እንዲህ ላለ ፌንደር ተጫራች ስለማይጠፋ ዝቅ ብሎ መነሳት ያዋጣል፤ ኤኮ ወይም ፍራሙስ የሚባሉት ተጫራች የሚያንሳቸው የአውሮፓ ጊታሮች ቢሆን ኖሮ ከመጨረሻ ዋጋሽ ጀምሪ እልሽ ነበር። ሰባት ወይም አሥር ቀን ስጪው፣ በኒውዮርክ እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዲዘጋ አድርጊ። በበጋቸው እዚህ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፣ በክረምታቸው 11። አምስተኛው ቀን ላይ ዋጋው ቢተኛ አትደንግጪ፣ ቁም ነገሩ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ነው። በመሃል «ጨረታውን ዝጊና ከውጭ እንጨርስ» የሚልሽን አትመልሺለት።

አሁን ክሩን አላሊና የአንገቱን ማኅተምና የሰሌዳውን እንጨት በቀን ብርሃን፣ ጥላ ውስጥ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን። የሳይተስ ወረቀቱ ያስፈልግሽ እንደሆነ ከዚያ ተነስተን እንነግርሻለን።